የማይዳሰሱ ዲስኮች አማና፦ ሦስት ቅጂ የማይሸፍነው ኃላፊነት

በውጭ አገር የሚኖር ሠራተኛ ለቤተሰቡ ሐዋላ ሲልክ፣ የመኖሪያ ፈቃዱን ሲያሳድስ ወይም የሕክምና ምርመራ ውጤቱን ሲቀበል ስለ እርሱ የተጻፈው ነገር አንድ ቦታ ይቀመጣል። ቀደም ሲል ቦታው መዝገብ ቤት ነበር፤ ዛሬ ግን በአብዛኛው ዲስክ ነው። በዘመኑ የመረጃ ማዕከላት ይህ ዲስክ በእጅ የሚያዝ አንድ ዕቃ ላይሆን ይችላል። በብዙ ሰርቨሮች ላይ ተበታትኖ የተቀመጠ፣ ለሚጠቀምበት ኮምፒውተር ግን እንደ አንድ ሙሉ ዲስክ የሚታይ ነው። ባለሙያዎች «ኢሜጅ» የሚሉት ይህንን ምናባዊ ዲስክ ሲሆን፣ ሰርቨሮቹን በአንድነት ያቀፈውን ሥርዓት ደግሞ «ክላስተር» ይሉታል።

በዚህ መስክ በስፋት ከሚታወቁት ሥርዓቶች አንዱ «ሴፍ» የተባለው ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ነው። ሴጅ ዌይል በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ክሩዝ ለዶክትሬት ጥናቱ የነደፈው ሲሆን፣ ከባልደረቦቹ ጋር ያዘጋጀው መሠረታዊ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ2006 ታትሟል። ስያሜው ኦክቶፐስን ከሚያካትተው የባሕር እንስሳት ወገን የተወሰደ ነው። ዌይል ሥርዓቱን ለማስፋፋት ያቋቋመውን ኢንክታንክ የተሰኘ ኩባንያ ሬድ ሃት እ.ኤ.አ. በ2014 በ175 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዝቶታል። በጄኔቫ አቅራቢያ የሚገኘው የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ድርጅት፣ ሰርን፣ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ለምናባዊ ኮምፒውተሮቹ ዲስክ የሚያቀርበው በዚሁ ሥርዓት ነው።

የአሠራሩ መሠረት መቆራረጥና ማባዛት ነው። 100 ጊጋባይት ስፋት ያለው ኢሜጅ በተለመደው አደረጃጀት እያንዳንዳቸው 4 ሜጋባይት ወደሆኑ 25,600 ቁራጮች ይከፈላል። እያንዳንዱ ቁራጭ ደግሞ በተለምዶ በሦስት የተለያዩ ሰርቨሮች ላይ ይገለበጣል። የቁራጮቹን አድራሻ የያዘ ማዕከላዊ መዝገብ የለም፤ «ክራሽ» በተባለው ስሌት እያንዳንዱ ተጠቃሚ ኮምፒውተር የሚፈልገው ቁራጭ የት እንዳለ ራሱ አስልቶ ይደርስበታል። አንድ ዲስክ ሲበላሽ ክላስተሩ የጎደለውን ቅጂ ከቀሩት ሁለቱ ይተካል። ተጠቃሚው ይህ ሁሉ ሲከናወን ላያውቀው ይችላል።

ብዙዎችን የሚያዘናጋውም ይኸው ጥንካሬ ነው። ሦስቱ ቅጂዎች የሚጠብቁት ከዲስክና ከሰርቨር ብልሽት ነው። ሰው በስህተት ከሚሰጠው ትእዛዝ አይጠብቁም፤ «አጥፋ» የሚል ትእዛዝ ሲደርስ ሦስቱም እኩል ይጠፋሉ። የተሳሳተ መረጃ ሲጻፍም ሦስቱም ያንኑ ስህተት ይይዛሉ። ስለዚህ የመረጃው ደኅንነት ክላስተሩን በመትከል አይጠናቀቅም፤ ኢሜጆቹ በየዕለቱ በሚያዙበት ሥርዓት ላይ ይወሰናል።

የመጀመሪያው ጥያቄ የቦታ ጉዳይ ነው። 100 ጊጋባይት ተብሎ የተፈጠረ ኢሜጅ ያን ያህል ቦታ ወዲያውኑ አይዝም፤ ቁራጮቹ የሚፈጠሩት መረጃ ሲጻፍባቸው ብቻ ነው። ይህም ባለቤቱ በእጁ ካለው የበለጠ ቦታ ለደንበኞቹ ቃል እንዲገባ ያስችለዋል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ድርሻውን ካልጠየቀ ችግር የለም፤ የጠየቀ ዕለት ግን ቃሉ ይፈተናል። በሴፍ የተለመደ ቅንብር አንድ ዲስክ 85 በመቶ ሲሞላ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ 95 በመቶ ሲደርስ ደግሞ በክላስተሩ ላይ መጻፍ ይታገዳል። ያን ጊዜ አንድ ደንበኛ ብቻ ሳይሆን ማከማቻውን የሚጋሩት ሁሉ ሥራቸው ይቆማል።

ከዚህ ጋር ሁለት ነገሮች ይዘነጋሉ። አንደኛ፣ ሦስት ቅጂ ማለት 30 ቴራባይት ዲስክ የሚይዘው 10 ቴራባይት መረጃ ብቻ ነው ማለት ነው፤ ከዚያም ላይ ለብልሽት ጊዜ የሚሆን ክፍት ቦታ ሊተርፍ ይገባል። ሁለተኛ፣ ተጠቃሚው በምናባዊ ኮምፒውተሩ ውስጥ ፋይል ስላጠፋ ብቻ ቦታው ለክላስተሩ አይመለስም። የኮምፒውተሩ ሥርዓተ ክወና የተለቀቀውን ቦታ እንዲያሳውቅ ካልተደረገ ባዶው ቦታ እንደተያዘ ይቆጠራል።

ሁለተኛው ጥያቄ ወደ ኋላ መመለስን ይመለከታል። ለዚህ የተዘጋጀው መሣሪያ «ስናፕሾት» ይባላል፤ ኢሜጁ በአንድ ቅጽበት የነበረውን መልክ ሳይለወጥ ያቆያል። ሲወሰድ ፈጣን ነው፤ በመጀመሪያ የሚይዘውም ቦታ እጅግ ጥቂት ነው። ቦታ የሚፈጀው ከዚያ በኋላ መረጃው ሲለወጥና የቀድሞው መልክ ጎን ለጎን መቀመጥ ሲጀምር ነው። ማሻሻያ ከመጫኑ በፊት ስናፕሾት የወሰደ ባለሙያ፣ ማሻሻያው ቢበላሽ ወደ ቀድሞው መመለስ ይችላል። የመረጃ ቋት በሥራ ላይ እያለ ስናፕሾት ከተወሰደ ግን የሚቀረው መልክ መብራት በድንገት የጠፋበት ኮምፒውተር መልክ ይሆናል። ስለዚህ ጠንቃቃ ባለሙያ መጻፉን ለአፍታ ያስቆምና ከዚያ በኋላ ስናፕሾቱን ይወስዳል።

ከአንድ ስናፕሾት ብዙ ኢሜጆችን ማባዛትም ይቻላል። ልጆቹ ያልለወጡትን መረጃ ከወላጁ ላይ ስለሚያነቡ መቶ ምናባዊ ኮምፒውተሮች በአንድ መነሻ ላይ ሊቆሙ ይችላሉ። ሥርዓቱም ልጆች ያሉትን የተጠበቀ ስናፕሾት ለማጥፋት የሚቀርብን ትእዛዝ አይቀበልም። ልጁን ከወላጁ ለማላቀቅ የጋራውን መረጃ ሙሉ በሙሉ ወደ ልጁ መገልበጥ ያስፈልጋል። የዝምድናው ሰንሰለት በረዘመ ቁጥር የትኛው ከየትኛው እንደሚወለድ መመዝገብ ግዴታ ይሆናል።

ሦስተኛውና እጅግ አሳሳቢው ጥያቄ የማጥፋት ጉዳይ ነው። በሥራ ላይ ያለ፣ በሌላ ኮምፒውተር የተከፈተ ኢሜጅ እንዳይጠፋ ሥርዓቱ ይከላከላል፤ ስናፕሾት ያለውንም እንዲሁ። ነገር ግን ለወራት ያልተከፈተ፣ ባለቤቱ ያልተመዘገበ ኢሜጅ ምን እንደያዘ ከክላስተሩ ማወቅ አይቻልም። የአንድ መሥሪያ ቤት የዓመታት የሒሳብ መዝገብ ሊሆን ይችላል፤ ተረስቶ የቀረ የሙከራ ዲስክም ሊሆን ይችላል። ለዚህ ሲባል ኢሜጁን ወዲያው ከማጥፋት ይልቅ ጊዜ ገደብ አስቀምጦ ወደ ቆሻሻ መጣያ ማዛወር ይቻላል። ገደቡ እስኪያልፍ ባለቤቱ ከመጣ ይመለስለታል። በዚህ መንገድ የተቆጠበ አንድ ወር የማይተካ መረጃ ሊያተርፍ ይችላል።

ይህ ሁሉ ከተሟላ በኋላም አንድ አደጋ ይቀራል፤ እርሱም ሁሉም ቅጂ በአንድ ጣሪያ ሥር መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 26 ቀን 2025 በደቡብ ኮሪያ ዴጆን ከተማ በሚገኘው የመንግሥት የመረጃ ማዕከል ከሊቲየም ባትሪዎች የተነሳ እሳት በመቶዎች የሚቆጠሩ የመንግሥት አገልግሎቶችን አቋርጧል። የመንግሥት ሠራተኞች የሥራ ሰነዶቻቸውን የሚያስቀምጡበት «ጂ-ድራይቭ» የተባለው ማከማቻም ከ858 ቴራባይት መረጃ ጋር ወድሟል። የመረጃው መጠን እጅግ ከፍተኛ በመሆኑ በሌላ ቦታ መጠባበቂያ እንዳልነበረው ባለሥልጣናት ገልጸዋል። የማከማቻው ዓይነት ምንም ይሁን ምን፣ እሳት ሦስቱን ቅጂዎች ለይቶ አያቃጥልም።

በሴፍ ሥርዓት ለዚህ አደጋ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ኢሜጁን በሌላ ከተማ ወዳለ ሁለተኛ ክላስተር ያለማቋረጥ ማንጸባረቅ ነው፤ ይህ ችሎታ እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው ስሪት ተጨምሯል። ይሁን እንጂ ሁለተኛው ክላስተር ከመጀመሪያው ጥቂት ስለሚዘገይ አደጋ ሲደርስ የመጨረሻዎቹ ለውጦች ሊጎድሉ ይችላሉ፤ በኢሜጁ ውስጥ በስህተት የተደመሰሰ ፋይልም በመስታወቱ ሌላ ጎን ይደመሰሳል። ሁለተኛው መንገድ በሁለት ስናፕሾቶች መካከል የተለወጠውን ብቻ አውጥቶ ከክላስተሩ ውጭ በየጊዜው ማስቀመጥ ነው። ሁለቱ መንገዶች አንዱ የሌላውን ቦታ አይተኩም፤ አንዱ ሥራ እንዳይቋረጥ፣ ሌላው ያለፈው እንዳይጠፋ ያገለግላሉ።

የተጻፈን መጠበቅ ለሙስሊም አንባቢ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ በሱረቱል በቀራህ የሚገኘው የዕዳ አንቀጽ ነው። ውሉ እንዲጻፍ፣ ጸሐፊውም ፍትሐዊ እንዲሆን፣ ምስክሮችም እንዲቆሙ ያዛል፤ ጉዳዩ ትንሽም ይሁን ትልቅ ከመጻፍ መሰልቸት እንደማይገባም ያሳስባል። የሰውን ገንዘብ፣ የጤና ሁኔታና የመታወቂያ መረጃ የተረከበ ባለሙያም አማና ተሸክሟል። መረጃው ብዙ መሆኑ ከአማናው ነጻ አያወጣውም።

በመሆኑም የሕዝብ መረጃ የያዘ ማንኛውም ተቋም ሊመልሳቸው የሚገቡ ጥያቄዎች ግልጽ ናቸው። እያንዳንዱ ኢሜጅ የማን ነው? ለመጥፋቱስ ማን ይፈርማል? ክላስተሩ ሲሞላ ማን ይጠራል? ከሕንጻው ውጭ ያለው ቅጂ ስንት ቀን ያረጀ ነው? ያ ቅጂ ለመጨረሻ ጊዜ ተከፍቶ፣ መረጃው በእርግጥ ተመልሶ የታየውስ መቼ ነው? ለመጨረሻው ጥያቄ ቀኑን ጠቅሶ የሚመልስ ተቋም መጠባበቂያ አለኝ ማለት ይችላል። መልስ የሌለው ደግሞ አደጋው ሳይደርስ ሙከራውን በዚህ ሳምንት ማድረግ ይኖርበታል።