የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል፦ አከራይና ተከራይ ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

በከተማ ዳርቻ በሚገኙ ትንንሽ ሰፈሮች የቤት ኪራይ ብዙ ጊዜ የሚፈጸመው በቃል ስምምነት ነው። አርሶ አደሩ ልጆቹን ለማስተማር፣ ሠራተኛው ደግሞ ከመሐል ከተማ የኪራይ ዋጋ ለመሸሽ ቤት የሚፈልገው በእነዚህ ሰፈሮች ነው። በመተማመን የተጀመረው ኪራይ ግን ዋጋ ሲንር ወደ ክርክር ያመራል። አንድ ቤተሰብ በትምህርት ዘመኑ አጋማሽ ቤት እንዲለቅ ሲገደድ የልጆቹም ትምህርት ይስተጓጎላል።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በመጋቢት ወር 2016 ዓ.ም ያጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ይህን ችግር ለመቅረፍ ያለመ ነው። አዋጁ በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋ እና ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ተፈጻሚ ይሆናል።

አዋጁ ምን ይደነግጋል?

የኪራይ ውል በጽሑፍ መደረግና በ30 ቀናት ውስጥ በተቆጣጣሪው አካል መመዝገብ አለበት። የውሉ ዘመን ከ2 ዓመት ማነስ የለበትም። አከራዩ ከ2 ወር ኪራይ የበለጠ ቅድመ ክፍያ መጠየቅ አይችልም። ክፍያው በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክስ ዘዴ ይፈጸማል። ጭማሪም የሚደረገው ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንድ ጊዜ ይፋ በሚያደርገው መጠን ነው።

ከመፈራረም በፊት

አዋጁ ተፈጻሚ ባልሆነባቸው ከተሞችም የጽሑፍ ውል ለሁለቱም ወገን ማስረጃ ነው። በከተማ ዳርቻ ያለ ሕጋዊ ፈቃድ የተሠሩ ቤቶች ሊፈርሱ ስለሚችሉ ተከራይ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩን አስቀድሞ ማየት ይኖርበታል። ይህን ያላደረገ ቤተሰብ ኪራዩን ከፍሎም ሜዳ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

በውሉ ላይ ከኪራዩ መጠንና ከመክፈያው ቀን በተጨማሪ የበር፣ የመስኮት፣ የጣሪያና የቁልፍ ይዞታ ቢሰፍር በርክክብ ወቅት ክርክር አይነሳም። የመብራትና የውኃ ቆጣሪ በጋራ ከሆነ በመግቢያው ቀን ያለው ንባብና የአከፋፈሉ ድርሻ ይጻፍ። የግቢው አጠቃቀም፣ ማለትም ጓሮ ማልማት፣ ዶሮ ወይም ከብት ማርባትና ማዕድ ቤትን በጋራ መጠቀም መፈቀዱም በግልጽ መቀመጥ አለበት።

እነዚህን ነጥቦች የያዘ ውል ለተከራዩ የመኖሪያ ዋስትና፣ ለአከራዩም የንብረቱና የገቢው ጥበቃ ነው። አዋጁ በአካባቢያቸው ተፈጻሚ መሆን አለመሆኑን ማወቅ የሚፈልጉ ነዋሪዎች የከተማቸውን አስተዳደር መጠየቅ ይችላሉ።