የቤቱን ዕዳ ቀድሞ ለመዝጋት፦ ከበርበሬው ብር በፊት ውሉን እናንብብ



ጥር ሲገባ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ገበያ በርበሬው በጆንያ ይደረደራል፤ በቆሎውም ተፈልፍሎ ይሸጣል። ዓመቱን ሙሉ እጅ አጥሮት የከረመ ቤተሰብ ጠቀም ያለ ብር የሚጨብጠው በዚህ ሰሞን ነው። ያኔ ባልና ሚስት ማታ ቁጭ ብለው «ይህን ብር ይዘን የቤቱን ዕዳ ብንገላገለውስ?» ይባባላሉ። ሐሳቡ መልካም ነው። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከዕዳ ጫና በአላህ ይጠበቁ እንደነበር፣ ዕዳ ጥሎ በሞተ ሰው ላይም ዕዳውን የሚሸከምለት እስኪገኝ ሳይሰግዱ እንደቆዩ በሐዲስ ተላልፎልናል።

ይሁን እንጂ «ዕዳ» የሚባለው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱን ቀድመው ከከፈሉት ወዲያው ይቀላል። ሌላውን ቢቀድሙትም ባይቀድሙትም መጠኑ ያው ነው። ሦስተኛው ደግሞ ካልቀደሙት ዕድሜ ልክ አያልቅም። ይህን ሳይለዩ ከልጆች ገበታ ቀንሶ ወደ ባንክ መሮጥ ልፋቱን ያለቦታው ያውለዋል። ስለዚህ ስለ በጀቱ ከማውራታችን በፊት ስለ ዕዳዎቹ እናውራ።

በጣም ከሚጎዳው እንጀምር። በምዕራብ ጎጃም ገጠር ሽማግሌዎች «ወለድ አገድ» የሚሉትን ያውቁታል። ባለመሬቱ ገንዘብ ይበደራል፤ አበዳሪው ማሳውን ይዞ እያረሰ ምርቱን ይበላል፤ ዋናው ገንዘብ ተቆጥሮ እስኪመለስ ድረስ መሬቱ አይለቀቅም። ስሙ ራሱ እንደሚናገረው ምርቱ የወለዱ ምትክ ነው። ለምሳሌ አንድ ሰው በ40,000 ብር አንድ ጥማድ መሬት አሲዟል እንበል። የማሳው የዓመት ኪራይ 10,000 ብር የሚያወጣ ከሆነ አበዳሪው በአራት ዓመት ውስጥ የ40,000 ብር ጥቅም በልቷል፤ ዕዳው ግን ዛሬም 40,000 ነው። አበዳሪ በብድሩ ምክንያት ከመያዣው ላይ የሚያገኘውን እንዲህ ያለ በውል የታሰረ ጥቅም ዑለማዎች ከሪባ ይቆጥሩታል። ሰው ወለድ የሚለው በባንክ ያለውን ብቻ ስለሚመስለው፣ በዚህ ውል ውስጥ ተበዳሪም አበዳሪም ሆኖ የሚገኝ ሙስሊም አለ።

መውጫው ሁለት ነው። የመጀመሪያው የጥሩን ብር ይዞ እርሻ ከመጀመሩ በፊት፣ መጋቢት ሳያልፍ፣ መሬቱን ማስለቀቅ ነው። ሙሉው ብር ካልተገኘ ደግሞ በሽማግሌ ፊት ውሉን ወደ ኪራይ መለወጥ ነው፤ አበዳሪው እያረሰ ይቀጥላል፣ የየዓመቱ ኪራይ ግን ከዕዳው ላይ ይቀነሳል። ከላይ ባነሳነው ምሳሌ ዕዳው ያለ አንዲት ሳንቲም ተጨማሪ በአራት ዓመት ያልቃል። ኪራዩን በወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ማስመዝገብ አይዘንጋ። በ2009 ዓ.ም. የወጣው የአማራ ክልል የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252 ኪራይንም፣ የመጠቀም መብትን ለብድር ዋስትና ማስያዝንም በሕግ አግባብ ፈቅዷል፤ በቃል ብቻ የተደረገ ውል ግን ክርክር ሲነሳ ማንንም አያድንም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል አድርገን እንለፍ። የጎጃም ሙስሊም መሬትና ቤት ላይ ስስ ስሜት ያለው ያለ ምክንያት አይደለም። በንጉሡ ዘመን አብዛኛው ሙስሊም ርስት አልነበረውም፤ ኑሮው በንግድና በሸማ ሥራ ላይ የቆመ ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የወጣው የሙስሊሞች ታላቅ ሰልፍ ካነሳቸው ጥያቄዎች አንዱ የመሬት ባለቤትነት ነበር። በዓመቱ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። አያቱ ርስት የሌለው ሰው ለቤቱ ካርታ የሚሰጠው ክብደት ይለያል፤ ካርታው በባንክ መያዣነት ተቀምጦ ሲያይ እንቅልፍ ቢያጣ አይፈረድበትም።

ወደ ከተማው እንግባ። ቤት ሠርተው የሚኖሩ ብዙዎች የሚረሱት ዕዳ አለ፤ የሊዝ ቀሪ ክፍያ ነው። በ2004 ዓ.ም. በወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 መሠረት ቦታ የወሰደ ሰው ቅድሚያ ክፍያውን ከፍሎ ቀሪውን በየዓመቱ ይከፍላል፤ በቀሪው ላይም በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የማበደሪያ ልክ ወለድ ይታሰባል። ባንኩን ከወለድ ነፃ ነው ብለን መርጠን ስናበቃ ወለዱ በማዘጋጃ ቤት በኩል በጓሮ በር ይገባብናል ማለት ነው። ስለዚህ የሊዝ ቀሪ ያለበት ቤተሰብ የመጀመሪያው ትርፍ ብር ወደዚያ ቢሄድ የተሻለ ነው ባዮች ነን። ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ቀሪው ስንት እንደሆነ፣ በአንድ ጊዜ ቢዘጋ ወለዱ እንዴት እንደሚታሰብ በጽሑፍ መጠየቅ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

አሁን ወደ ባንኩ ዕዳ እንምጣ። ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ከወለድ ነፃ አገልግሎት በመስኮት እንዲሰጥ መመሪያ አወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች እንዲቋቋሙ ተፈቀደ። ዘምዘምና ሂጅራ ባንኮች እ.ኤ.አ. በ2021 ሥራ ጀመሩ። በእነዚህም ሆነ በመስኮት በሚሠሩት ባንኮች ለቤት ግንባታ የሚታወቀው መንገድ ሙራበሓ ነው። ባንኩ ሲሚንቶውን፣ ብረቱን፣ ቆርቆሮውን ገዝቶ የራሱ ካደረገ በኋላ የገዛበትንና ትርፉን ነግሮ በዱቤ ይሸጥልናል። ዋጋው በዚያች ቀን ይቆረጣል፤ ከዚያ በኋላ አይጨምርም። ቀን ቢያልፍም አይጨምርም። ሪባ የማይሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ግን ሳንቲሙ ሌላ ገጽ አለው፦ አይጨምርም ማለት በራሱ ጊዜም አይቀንስም ማለት ነው። በወለድ ብድር ወለዱ የሚሰላው በቀሪው ዋና ገንዘብ ላይ ስለሆነ ቀድሞ የከፈለ ሰው የወደፊቱን ወለድ ያስቀራል። በሙራበሓ ግን ቀሪው ዕዳ የሽያጭ ዋጋ ነው። 500,000 ብር የወጣበት ዕቃ በ720,000 ብር ለአምስት ዓመት ከተሸጠልን፣ ወርኃዊው ክፍያ 12,000 ብር ነው። ከ44 ወር በኋላ የሚቀረው 192,000 ብር ነው፤ ዛሬ ከፈልነውም በ16 ወር ከፈልነውም 192,000 ነው።

ታዲያ ባንኩ ቅናሽ ሊያደርግ አይችልም? ይችላል። ዓለም አቀፉ የእስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1992 ጅዳ ላይ ባሳለፈው ውሳኔ ቁጥር 64፣ ዕዳ ቀድሞ በመከፈሉ አበዳሪው ከዕዳው ላይ ቢቀንስ ሪባ እንዳልሆነ ገልጿል፤ ቅድመ ሁኔታው ቅናሹ አስቀድሞ በስምምነት ያልታሰረ መሆኑ፣ ጉዳዩም በባለ ዕዳውና በአበዳሪው መካከል ብቻ መሆኑ ነው። በጉዳዩ ላይ ቀደምት ዑለማዎች ተለያይተዋል። ለእኛ የሚጠቅመው ፍሬ ነገር ይኼ ነው፦ ቅናሹ መብት ሆኖ ውል ውስጥ አይገባም፤ ይጠየቃል፣ ባንኩ ከፈቀደ ይሰጣል። ስለዚህ የሰው በጀት ቅናሹን ተማምኖ መሠራት የለበትም።

ከዚህ የሚከተለው ብዙዎች የማያስቡት ነገር ነው። ሙራበሓ ያለበት ሰው በየወሩ ያተረፋትን 2,000 እና 3,000 ብር ቶሎ ቶሎ ወደ ባንኩ ቢወረውር የሚያገኘው ጥቅም እምብዛም ነው። ዕዳው እያደገ አይደለም። ብሩን በራስ እጅ፣ በተለየ የአደራ (ወዲዓ) ሒሳብ አጠራቅሞ፣ ቀሪውን በአንድ ጊዜ የሚዘጋበት ልክ ሲደርስ ማመልከቻ ይዞ መቅረብ ይሻላል። መሀል ላይ ልጅ ቢታመም ብሩ እጅ ላይ አለ፤ የመጨረሻው ቀን ደግሞ ለመነጋገር የሚያስችል ጉልበት ይሆናል። ውሉ እየቀነሰ የሚሄድ ሙሻረካ ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ ቤቱ የጋራ ነው፣ የባንኩን ድርሻ ባስለቀቅን ቁጥር የምንከፍለው ኪራይ ስለሚቀንስ ጥቂት በጥቂት መክፈል ያዋጣል። «ውሉን እናንብብ» ያልነው ለዚህ ነው።

በጀቱን በምሳሌ እንየው። ባል በፍኖተ ሰላም ትንሽ ሱቅ አለው፤ ሚስት አስተማሪ ናት፤ ወደ ቡሬ በኩል ከዘመድ ጋር በእኩል የሚያሳርሱት የበርበሬ ማሳ አለ። ሱቁና ደመወዙ በወር 26,000 ብር ያስገባሉ እንበል። ባንኩ 12,000 ይወስዳል፣ ቤቱ በ11,500 ይኖራል፣ 2,500 ይተርፋል። ከበርበሬው ወጪው ተነስቶ በየጥሩ 50,000 ብር ይደርሳቸዋል። የመጀመሪያውን ክፍያ በሚያዝያ ጀምረዋል። በ44ኛው ወር፣ ኅዳር ላይ፣ ከወር ወር ያስቀመጡት 110,000፣ ከሦስት በርበሬ 150,000፣ በድምሩ 260,000 ብር ይሆናል። ለክፉ ቀን 60,000 ሳይነኩ 200,000 ይቀራል፤ 192,000ው ይዘጋል። ከሦስቱ ዓመታት በአንዱ በርበሬው በዝናብ ቢበሰብስስ? አራተኛውን ጥር ይጠብቃሉ፤ በ46ኛው ወር ይዘጉታል። የዘገዩት ሁለት ወር ብቻ ነው። አንድ ዓመት ሲበላሽ ተስፋ ቆርጠው ያጠራቀሙትን የሚበትኑ ሰዎች ይህን ቢያሰሉት እንወዳለን።

ወሳኟ ቁጥር ያቺ 2,500 ናት። የምትገኘው እህልን በወቅቱ በመግዛት እንጂ ልጆችን በማስራብ አይደለም። የዓመቱን ጤፍ በጥር የገዛና በነሐሴ በኪሎ የሚገዛ ሰው አንድ ዋጋ አይከፍሉም። ጤፍ ነቀዝ ስለማይደፍረው መቀመጡ አያሰጋም፤ በቆሎ ግን አየር በማያስገባው ድርብ ከረጢት ካልታሰረ የተቆጠበው በነቀዝ ያልቃል። በርበሬውን፣ ሽሮውን እመቤቲቱ በዚያው ሰሞን ካዘጋጀች ክረምቱ ቀላል ይሆናል። በእኛ አቆጣጠር ደግሞ ረመዷን በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ያህል ወደ ኋላ ይመጣል፤ በእነዚህ ዓመታት በየካቲትና በጥር አካባቢ፣ ብር እጅ ላይ ባለበት ሰሞን ያርፋል። ይህ ጸጋም ፈተናም ነው፤ የአፍጥር ገበታውን ወጪ ከበርበሬው ሽያጭ በፊት መመደብ ይበጃል። ዒድ አል-አድሃ ደግሞ ግንቦት ላይ፣ እጅ በሚያጥርበት ወቅት ስለሚደርስ የኡዱሒያው ብር ከጥር ተቆርጦ ይቀመጥ።

እቁብ የሚጥሉ እህቶቻችን ጥያቄ ያነሳሉ። እቁብ ለማጠራቀም ከሁሉም ይሻላል፤ ጎረቤት ስለሚያይ አይዘለልም። ግን ዕጣው መጀመሪያ ላይ ከወጣልን የወሰድነው ብር ራሱ ዕዳ ነው፤ «ዕዳ ከፈልን» ብለን የባንኩን በእቁብተኛው ብር ብንዘጋ ዕዳውን አዛወርነው እንጂ አልከፈልነውም። ቀኑ ያለፈበት የዘመድና የጎረቤት ብድር ካለም፣ ቀኑ ካልደረሰው የባንክ ዕዳ ይቀድማል። ለማሳው ዘካ ባለ ዕዳ መሆን ምን ያህል እንደሚያቀልል፣ በበርበሬ ላይም ዘካ መኖር አለመኖሩን በተመለከተ መዝሀቦቹ ስለሚለያዩ የሰፈራችሁን ዓሊም ጠይቁ፤ ለዕዳው ተብሎ የተጠራቀመው ብር ዓመት ከዞረበትም እንዲሁ።

«ብር እየረከሰ ለምን ቀድሜ እከፍላለሁ?» የሚል ሰው አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ይህ ክርክር በርትቷል። ሒሳቡ ስህተት አይደለም፤ የተቆረጠ ዋጋ ያለው ዕዳ በዋጋ ንረት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። ሱቁ እያደገ፣ ብሩን ዕቃ ላይ አውሎ በሐላል የሚያተርፍ ነጋዴ ቀስ ብሎ በውሉ መሠረት ቢከፍል ነቀፋ የለበትም። በደመወዝ ለሚኖር ግን ብሩ የሚረክሰው እኩል ቢሆንም ገቢው አብሮ አያድግም፤ ትርፍ ብሩም ወደ ንግድ ሳይሆን ወደ ወጪ ይሄዳል። ለእርሱ ቀድሞ መዝጋቱን እንመርጣለን።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ክልላችን ያለበትን ሁኔታ ሁላችንም እናውቃለን። መንገድ ሲዘጋ በርበሬው ከጎተራ አይወጣም፤ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ብር በስልክ ማስተላለፍም አይቻልም። ከላይ 60,000ውን አትንኩ ያልነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሦስት ወር ክፍያና ቀለብ ይሸፍናል፣ ጥቂቱም በጥሬ ብር ቤት ቢኖር ደግ ነው። ክፍያ ሊዘገይ ከሆነ ቀኑ ሳያልፍ ለባንኩ በጽሑፍ ማሳወቅ ይገባል። በችግር ላይ ላለ ባለ ዕዳ ጊዜ መስጠትን ቁርኣን ያዘዘው አበዳሪውን ነው፤ እያለው የሚያዘገየውን ግን ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በዳይ ብለውታል። የመዘግየት ቅጣት ከተከፈለም በሸሪዓው ደንብ ለበጎ አድራጎት እንጂ ለባንኩ ትርፍ ሊውል አይገባም፤ የት እንደገባ መጠየቅ መብታችን ነው።

የመጨረሻዋ ብር ከተከፈለች በኋላ ሥራው አላለቀም። በካርታው ላይ የተመዘገበው የመያዣ እግድ በራሱ አይነሳም። ከባንኩ ዕዳ አለመኖሩን የሚገልጽ ደብዳቤና ዋናውን ካርታ ተቀብሎ፣ ደብዳቤውን ማዘጋጃ ቤት አስገብቶ እግዱ ከማኅደሩ መነሳቱን በጽሑፍ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የደብዳቤው አንድ ቅጂ ቤት ይቀመጥ፤ የት እንዳለም ሚስትም ልጆችም ይወቁት።