የአሮጌ ፍሪጅ ዕድሜና በሆዱ የያዘው ጋዝ

አሮጌ ፍሪጅ ለማደስ የሚነሳ ሰው አስቀድሞ የዕቃውን ዕድሜ ማወቅ የሚኖርበት ለሰብሳቢዎች የሚያወጣውን ዋጋ ለመገመት ብቻ አይደለም፤ የተሠራበት ዘመን በቱቦዎቹ ውስጥ የሚዘዋወረው ጋዝ ምን እንደሆነ ስለሚጠቁም፣ የጋዙም ዓይነት ጠጋኙ እስከ የት ድረስ እጁን ማስገባት እንደሚገባው ስለሚወስን ነው። ኮምፕሬሰር፣ ማለትም ጋዝ የሚጨምቅ ሞተር ያለው ማንኛውም ፍሪጅ ሙቀትን ከቦታ ወደ ቦታ ያዛውራል እንጂ ቅዝቃዜን አይፈጥርም፤ ፈሳሹ ወደ ጋዝነት ሲለወጥ ከምግቡ ሙቀት ይወስዳል፣ ጋዙ ተጨምቆ እንደገና ፈሳሽ ሲሆን ደግሞ ያንኑ ሙቀት ወደ ክፍሉ አየር ይለቃል።

ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ የሚሆነው የአሜሪካው ጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1927 ለገበያ ያቀረበው፣ የዴንማርክ ተወላጁ መሐንዲስ ክርስቲያን ስቲንስትረፕ ዋና ሥራ የሆነው «ሞኒተር ቶፕ» ነው። ኮምፕሬሰሩ በሣጥኑ አናት ላይ እንደ ቆብ ስለተቀመጠና ቅርጹ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተዋጋችውን «ሞኒተር» የተባለች መርከብ ክብ የመድፍ ማማ ስለሚያስታውስ ስሙ ከዚያው መጣ። ቀደምቶቹ ሞዴሎች የያዙት ሰልፈር ዳይኦክሳይድን፣ ድኝ ሲቃጠል የሚወጣውን ጋዝ ነው፤ እሳት ባይዘውም ዓይንንና የመተንፈሻ አካልን ክፉኛ ይለበልባል። ከዚያ በኋላ በመጡ አንዳንድ ሞዴሎች የተተካው ሜቲል ፎርሜት ግን ተቀጣጣይ ነው። ስለዚህ ባለቆብ መሆኑን አይቶ ጋዙን መገመት አይቻልም። በዚያ ላይ ቆቡ ከነሙሉ ማሽኑ ተነስቶ በሌላ እንዲተካ ሆኖ የተሠራ በመሆኑ ሣጥኑና ማሽኑ የተለያየ ዓመት ልጆች ሊሆኑ ይችላሉ፤ መታመን ያለበት በራሱ በማሽኑ ላይ የተለጠፈው የብረት ሰሌዳ እንጂ የሣጥኑ መልክ፣ ይልቁንም ቤተሰቡ «አያታችን የገዙት» እያለ የሚጠቅሰው ዓመት አይደለም።

በ1930 አሜሪካዊው ኬሚስት ቶማስ ሚጅሊ በኬሚስቶች ጉባኤ ፊት አንድ አዲስ ጋዝ ወደ ሳንባው ስቦ በመተንፈስ ሻማ አጠፋበት፤ ጋዙ እንደማይመርዝና እንደማይቀጣጠል በአንድ ትንፋሽ አሳየ ማለት ነው። ፍሪዮን ወይም አር-12 የተባለው ይህ ጋዝ ለአሥርተ ዓመታት የአብዛኞቹ የቤት ፍሪጆች ደም ሆኖ ቆየ፤ የኦዞን ንጣፍን እንደሚጎዳ ከታወቀ በኋላ ግን በ1987 የተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት ምርቱ ደረጃ በደረጃ እንዲቆም አደረገ። ከ1990ዎቹ ወዲህ የተሠሩት አር-134ኤ ወይም አይሶቡቴን ይይዛሉ። የአር-12 ፍሪጅ ባዶ ሲሆን አር-134ኤ መሙላት ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ አዲሱ ጋዝ ከአሮጌው ኮምፕሬሰር የማዕድን ዘይት ጋር አይስማማምና።

በሩም ዘመኑን ይናገራል። እንደ መኪና በር በመንጠቆ የሚቆለፍ አሜሪካዊ ፍሪጅ በአብዛኛው ከ1958 በፊት የተሠራ ነው፤ በተጣሉ ፍሪጆች ውስጥ ገብተው የተቆለፈባቸው ሕፃናት በመሞታቸው በ1956 የወጣው ሕግ ከጥቅምት 1958 መጨረሻ በኋላ የሚሠራ በር ከውስጥ እንዲከፈት አስገድዷልና። ስለዚህ ባለመንጠቆ ፍሪጅ ሥራ ሳይጀምር ግቢ ውስጥ የሚቆም ከሆነ በሩን መንቀል ወይም መንጠቆውን ማውለቅ ይገባል።

ወደ እድሳቱ ሲመጣ የመጀመሪያው ደንብ የታሸገውን የጋዝ መስመር፣ እስካልፈሰሰ ድረስ፣ አለመንካት ነው። የሰልፈር ዳይኦክሳይድን መፍሰስ ሽታው ራሱ ያጋልጠዋል፤ የድሮ ጠጋኞች ግን ቀዳዳውን ለማግኘት አሞኒያ የነካ ጨርቅ ያስጠጉ ነበር፣ ነጭ ጭስ በተነሳበት ቦታ ቀዳዳው አለ። ቀሪው ሥራ የኤሌክትሪክና የጎማ ነው። በጨርቅና በጎማ የተሸፈነው ሽቦ ስለሚሰነጠቅ መለወጥ አለበት፣ የመሬት መስመርም ይጨመርለታል። የደረቀው የበር ጎማ ወረቀት በበሩ መካከል አስገብቶ በመዝጋት ይፈተናል፤ ወረቀቱ ያለ ትግል ከወጣ ቅዝቃዜውም እንደዚያው ይወጣል። ቀለምን በተመለከተ ግን መፍጠን አይገባም፦ የመጀመሪያው ቅብ ጭረት ቢኖርበትም ከአዲስ ቅብ ይሻላል፤ አሮጌው ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ደግሞ በደረቁ መፈግፈግ አደገኛ ነው።

ፍሪጁ ከአሜሪካ ወደ ኢትዮጵያ የመጣ ከሆነ ሌላ ችግር ይከተላል። ትራንስፎርመር 220 ቮልቱን ዝቅ ቢያደርግም ድግግሞሹን ከ50 ሄርትዝ ወደ 60 አይለውጥም፤ ለ60 የተሠራ ሞተርም ከፍጥነቱ አንድ ስድስተኛውን ያጣል። ለ115 ቮልት የተሠራ ሞተር በ50 ሄርትዝ ሲሠራ ያለመጠን እንዳይግል የሚመጥነው 96 ቮልት ገደማ በመሆኑ፣ ትራንስፎርመሩ ሲመረጥ ይህ ቁጥር መታየት አለበት።