ውጅግራው የማን ነው? የመዓዛ መንግሥቴ ሕይወትና የድርሰት ሥራ



የዛሬው ንግግሬ ስለ ደራሲ መዓዛ መንግሥቴ ነው። ስለ እርሷ እዚህ ለገጣፎ ላይ መናገር አግባብ ያለው ይመስለኛል፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የማርሻል ባዶሊዮ ሞተረኛ ጦር ከደሴ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን አድርጎ የመጣው በዚህ በእኛ አቅጣጫ ነበርና። የደራሲዋ ዋና ሥራ ያረፈውም በዚያው ጦርነት ላይ ነው።

መዓዛ በ1971 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ተወለደች። አብዮቱ ሲፈነዳ ገና ሕፃን ነበረች። ቤተሰቧ አገር ጥሎ ሲወጣ ዕድሜዋ አራት ዓመት ያህል ነበር፤ ናይጄሪያንና ኬንያን አልፋ አሜሪካ ደረሰች። በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የፈጠራ ጽሑፍ አጥንታለች። የመጀመሪያ ልቦለዷ በ2010 እ.ኤ.አ. ታተመ፤ ርእሱ ወደ አማርኛ ቢመለስ «ከአንበሳው እይታ ሥር» ይሆናል። ኃይሉ የተባለ ሐኪም፣ ሁለት ልጆቹ ዮናስና ዳዊት፣ የንጉሡ መውደቅና የደርግ መምጣት የታሪኩ አጥንቶች ናቸው። ወታደሮች ግርፋት የሰባበራትን ወጣት «አድናት» ብለው ለኃይሉ ያመጡለታል፤ አድኖ ቢመልሳት ግርፋቱ እንደሚቀጥል ሐኪሙ ያውቃል። እርሱ በሚወስደው ውሳኔ ላይ ተማሪዎቼ ሲከራከሩ ሰዓቱ ያልቅብናል።

ይሁን እንጂ በእኔ ግምት ታላቁ ሥራዋ በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው «የጥላው ንጉሥ» ነው። በማግሥቱ ዓመት ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። በሁለቱ መጻሕፍት መካከል ዘጠኝ ዓመታት አሉ። መዓዛ ለዓመታት የደከመችበትን የመጀመሪያ ረቂቅ ጥላ እንደገና ጀምራለች፤ ታሪኩ ልክ ቢሆንም ሕይወት እንደጎደለው ራሷ ተናግራለች። የዶክትሬት ረቂቁን አንድ ገጽ እንዲቆርጥ ሲጠየቅ የሚያኮርፍ ተማሪ ሁሉ ይህን ልብ ይበል።

በሮም መዛግብት ውስጥ ሰነድ መርምራለች፤ የጣልያን ወታደሮች ያነሷቸውን ፎቶግራፎችም ከአሮጌ ዕቃ ገበያዎች ሳይቀር ሰብስባለች። በጣም የሚያስደንቀው ግንኙነት ግን ከቤቷ የወጣው ነው። ስለ ሴት ተዋጊዎች ሩቅ ሄዳ ስትፈልግ ቆይታ፣ የገዛ ቅድመ አያቷ መዝመቷን እናቷ ነገረቻት። ንጉሠ ነገሥቱ የክተት ዐዋጅ ሲያውጁ ከየቤቱ የበኩር ልጅ እንዲዘምት ይጠበቅ ነበር። በኩሯ ሴት ሆነች። አባትየው ጠመንጃውን ለባሏ ሊሰጥ ሲል ልጅቱ እምቢ ብላ አባቷን ዳኛ ፊት አቆመች፤ ተረታላት፣ ጠመንጃውን ተቀብላ ዘመተች።

በልቦለዱ ውስጥ ሒሩት የተባለችው አገልጋይ ከአባቷ የወረሰችውን ውጅግራ ጌታዋ ኪዳኔ ይነጥቃታል። ቃሉ ራሱ «ፉዚ ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ የጠመንጃ ስም የመጣ ነው፤ አፋችን አለሳልሶ የራሱ አደረገው። ኪዳኔ ጦር መሪና አርበኛ ነው፤ ፋሺስትን በጀግንነት ይዋጋል፤ ሒሩትን ደግሞ በኃይል ይደፍራታል። ለአርበኞቻችን ክብር ለሚቆረቆር አንባቢ ይህ ይጎረብጣል። እኔ ግን የመጽሐፉ ድፍረት እዚህ ላይ ነው እላለሁ፤ ለሒሩት ጦርነቱ ከጣልያን በፊት እቤት ውስጥ ጀምሯልና።

ርእሱን የሰጠው ገጸ ባሕርይ ምንም ይባላል። መልኩ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር የሚመሳሰል ድሃ ሙዚቀኛ ነው፤ ጃንሆይ ከተሰደዱ በኋላ የሕዝቡ ልብ እንዲበረታ እንደ ንጉሥ አልብሰው ያሳዩታል፤ ሒሩትም ጠባቂው ትሆናለች። የእንግሊዝኛ አንባቢ የስሙን ትርጉም ተነግሮት ይረዳል፤ የእኛ ጆሮ ግን ገና ሲጠራ ይሰማዋል። ንጉሡ ምንም ሲሆን፣ ምንም ንጉሥ ሲሆን፣ ቀልዱም ሐዘኑም በአማርኛ ነው የተሠራው። በአንጻሩ የመዘምራን ድምፅ የሚገባባቸው ክፍሎች አንዳንዴ ይከብዱኛል፤ ትረካው ሊራመድ ሲል ያስቆሙታል።

ሌላው የመጽሐፉ ዐይን ካሜራ ነው። ኤቶሬ ናቫራ የተባለው ጣልያናዊ ወታደር በአለቃው ትእዛዝ እስረኞችን ከመገደላቸው በፊት ፎቶ ያነሣል፤ እርሱ ራሱ አይሁዳዊ በመሆኑ የገዛ መንግሥቱ የዘር ሕግ ያሳድደዋል። መዓዛ ከልቦለዱ ውጭም የ1935–41 እ.ኤ.አ. ዘመን ፎቶግራፎችን የሚያሰባስብ መዝገብ አቋቁማለች። ገዢው ለማዋረድ ያነሣውን ምስል፣ የተዋረደችው ሴት ምን እያሰበች ነበር ብሎ መጠየቅ ይቻላል ወይ? ልቦለዱ መልስ የሚሞክረው ለዚህ ነው።

«በእንግሊዝኛ የተጻፈ የኢትዮጵያ ሥነ ጽሑፍ ይባላል?» የሚለው ክርክር በየዓመቱ በክፍላችን ይነሣል። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩን ላንሣ። ስዊዘርላንድ ተምረው ተመልሰው፣ በወረራው ዘመን ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰልፈው፣ ተይዘው ወደ ጣልያን ተግዘዋል፤ ከነጻነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን መርተዋል፤ «የልቤ መጽሐፍ»ን በአማርኛ ጽፈዋል፤ በ1957 እ.ኤ.አ. ለፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆነዋል። የኖሩትን ጦርነት በቋንቋችን የጻፉትን ሴት እያለን፣ ብዙዎቻችን ስለ ሴት አርበኞች መጠየቅ የጀመርነው ከኒው ዮርክ የታተመ መጽሐፍ ካነበብን በኋላ ነው። ስለዚህ የቋንቋውን ክርክር ለመዓዛ ከማቅረባችን በፊት የራሳችንን የንባብ ዝርዝር እንፈትሽ። ከመጪው ሴሚስተር ጀምሮ በእኔ ኮርስ ሁለቱ ጎን ለጎን ይነበባሉ።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን ልስማ።