ጀርመንኛን በአማርኛ በኩል

«ላይፕዚግ ድረስ ሄደሽ ጀርመንኛ ነው የምትማሪው? እሱማ አዲስ አበባ ጎተ ኢንስቲትዩትም አለ» የሚል ጥያቄ በውስጥ መስመር እየበዛ ስለመጣ ዛሬ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

የቋንቋ ኮርስ ቋንቋውን ያስለምዳል። እኔ ያለሁበት ትምህርት «ጀርመንኛ እንደ ውጭ ቋንቋ» ይባላል። የሌላ ቋንቋ ተናጋሪ ጀርመንኛ ሲማር የቱ ጋ እንደሚቸገርና እንዴት ቢብራራለት እንደሚገባው የሚያጠና ነው። ስለዚህ ከመግባታችሁ በፊት ጀርመንኛውን ማወቅ አለባችሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ዲኤስኤች ወይም ቴስትዳፍ የተባለው የጀርመንኛ ፈተና ውጤት ይጠየቃል።

ላይፕዚግን የመረጥኩት በምክንያት ነው። በ1956 እ.ኤ.አ. ለውጭ ተማሪዎች የተከፈተው፣ በኋላ ሄርደር ኢንስቲትዩት የተባለው ተቋም እዚህ ነው። ጌርሃርድ ሄልቢግ በ1969 እ.ኤ.አ. በዚህ የትምህርት መስክ የመጀመሪያው ፕሮፌሰር የሆነውም እዚሁ ነው። በደርግ ዘመን ወደ ምሥራቅ ጀርመን ከተላኩ ወገኖቻችን መካከልም እዚህ ቋንቋ የለመዱ አሉ። ባህሉን ደግሞ ከተማው ራሱ ያስተምራል፤ ደራሲው ጎተ በወጣትነቱ ሕግ የተማረው በላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ «ፋውስት» በተሰኘው ድርሰቱ ውስጥ ያስገባው የአወርባህ መጠጥ ቤትም እስከ ዛሬ መሐል ከተማ ላይ እንግዳ ያስተናግዳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። አብዛኞቻችን ጀርመንኛን የምንማረው በእንግሊዝኛ ማብራሪያ ነው። ይኼ ያለ ምክንያት ያደክመናል። «ነገ መምጣት ስለማልችል» ለማለት ጀርመኖች «ቫይል ኢሽ ሞርገን ኒሽት ኮመን ካን» ይላሉ። «ሞርገን» ነገ፣ «ኮመን» መምጣት፣ «ካን» እችላለሁ። የእነዚህ ቅደም ተከተል የእኛው ነው፤ እንዲህ ባለ ጥገኛ ዓረፍተ ነገር ግሡ እንደ አማርኛ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። በእንግሊዝኛ የተጻፈው መማሪያ ግን ይህንን ከባድ ሕግ አድርጎ በማቅረብ ያስፈራራናል፤ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ በእርግጥም ከባድ ነው።

ጋዜጣና የምርምር ጽሑፍ ላይ የሚበዛ ሌላም አለ፦ «ዴር ጌስተርን አንገኮመነ ጋስት»። ቃል በቃል «ትናንት የመጣው እንግዳ» ነው። ገላጩ ሁሉ ከስሙ በፊት ተደርድሮ ይመጣል። አማርኛ ተናጋሪ ይህንን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲናገር የኖረ ነው፤ የሚነግረው ሰው ብቻ ነው የጎደለው።

እውነቱን ለመናገር፣ አማርኛ የማያግዝበትም ቦታ አለ። እኛ እንደ ስሜታችን ድመቱም ድመቷም እንላለን። ጀርመኖች ግን ጠረጴዛን ወንድ፣ መብራትን ሴት፣ መጽሐፍን ሁለቱንም ያልሆነ አድርገው ቆርጠዋል። እዚህ ላይ ዋናው መላ ከቃሉ ጋር ፆታውን አብሮ መሸምደድ ነው። በዋናው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ደግሞ ግሡ ሁለተኛ ቦታ ላይ ይገባል፤ እሱም ልምምድ ይፈልጋል።

የሌላውን ቋንቋ ለራስ ሰው በሚገባው ቋንቋ ማስረዳት አዲስ ነገር አይደለም። የኤርፉርቱ ተወላጅ፣ ጀርመናዊው የቋንቋ ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ ከኢትዮጵያዊው አባ ጎርጎርዮስ ጋር በ1649 እ.ኤ.አ. ሮም ተገናኘ። በ1652 የጎታው መስፍን አባን ወደ ጎታ አስጠርተዋቸው፣ በግዕዝ እየተነጋገሩ ሉዶልፍ ከእሳቸው ብዙ ተማረ። በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ፤ ለወገኖቹ፣ እነሱ በሚረዱት በላቲን። ጎታ ከላይፕዚግ ሩቅ አይደለም፣ እኔም ይህን ታሪክ ሳስብ የሚቆጨኝ አንድ ነገር አለ፦ ከ300 ዓመት በኋላም ጀርመንኛን ለራሳችን ሰው የምናስረዳው በሦስተኛ ቋንቋ መሆኑ።

ስለዚህ ይህን ትምህርት እየተማራችሁ ያላችሁ፣ ወይም በጎተም ሆነ በግል ጀርመንኛ የምታስተምሩ ወገኖች፣ የክፍል ማስታወሻችሁን በአማርኛ ጻፉ። ምሳሌውን ከአማርኛ ዓረፍተ ነገር ጀምሩ፤ የጻፋችሁትንም እዚህ ላኩልኝ፣ አንድ ላይ ሰብስበን ለተማሪዎች በነፃ እናድርሰው።