የቴኒስ ክለብ የሰፈር የሚሆነው መቼ ነው?

ከካርቱም መሃል በስተደቡብ የምትገኘው ሳጃና ስሟን ያገኘችው "የእስር ቤት ጠባቂዎች" የሚል ትርጉም ካለው የዐረብኛ ቃል ነው። ከጦርነቱ በፊት በሱዳናውያን ዘንድ ስሟ ይነሳ የነበረው በግንባታ ዕቃ መደብሮቿ ነበር። ለሐበሾች ደግሞ የደይም ጎረቤት ናት። በዚያ አካባቢ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ለአሥርት ዓመታት ቡና እያፈሉ፣ እንጀራ እየጋገሩ ኖረዋል።

እንዲህ ባለ የሠራተኛ ሰፈር ስለ ሜዳ ቴኒስ ማውራት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ስፖርቱ የቅንጦት መልክ ይዞ የቀረው ግን በራሱ ጠባይ ብቻ አይደለም፤ የክለቦቹ ታሪክም አለበት።

በካርቱም "ናዲ" ማለትም ክለብ ከስፖርት ማዘውተሪያነት ያለፈ ትርጉም አለው። ግሪኮች፣ ሶርያውያንና አርመኖች የየራሳቸው ክለብ ነበራቸው። በቅኝ አገዛዙ ዘመን የሱዳን ክለብ የሚባለው ደግሞ ስሙ የአገሪቱ ይሁን እንጂ የብሪታንያውያን ብቻ ነበር። የተማሩ ሱዳናውያን በበኩላቸው በ1918 በኦምዱርማን የምሩቃን ክለብ አቋቋሙ፤ በ1938 የምሩቃን ጉባኤ የተሰኘው የፖለቲካ ንቅናቄ የተወለደውም ከዚሁ ክበብ ነው። ማን አባል ይሆናል የሚለው ጥያቄ በዚህች ከተማ ከመነሻው ከባድ ጥያቄ ነበር ማለት ነው።

እግር ኳስ ከአጥር ለመውጣት ብዙ አላስፈለገውም፤ አንድ ኳስና ባዶ ቦታ በቂው ነው። ቴኒስ ግን 23.77 ሜትር ርዝመትና፣ ለጥንድ ጨዋታ፣ 10.97 ሜትር ስፋት ያለው ደልዳላ ሜዳ፣ መረብ፣ ራኬት እንዲሁም ቶሎ ቶሎ የሚተኩ ኳሶች ይፈልጋል። በዚያ ሁሉ ወጪ በአንድ ጊዜ የሚጫወቱት ቢበዛ አራት ሰዎች ናቸው። አጥሩን ያጸናው ይህ ስሌት ነው።

ስሌቱን ከቀየሩት ነገሮች አንዱ ቀላል ኳስ ነው። ከ2012 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን ሕግ መሠረት ከ10 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ውድድር በተለመደው ኳስ አይካሄድም። ቀይዋ ኳስ ከተለመደው 75 በመቶ፣ ብርቱካናማዋ 50 በመቶ፣ አረንጓዴዋ ደግሞ 25 በመቶ ያህል ትዘገያለች። ቀይዋ ኳስ በትንሽ ሜዳ ስለምትጫወት አንዱን ትልቅ ሜዳ ለአራት ከፍሎ ብዙ ልጆችን በአንድ ሰዓት ማሠልጠን ይቻላል። ልጆቹም ከራሳቸው በላይ የምትነጥር ኳስ ሲያሳድዱ ከመዋል ይድናሉ።

ሌላው ለውጥ ከዚህም ይቀልላል። አሜሪካዊው ብራድ ፓርክስ በ1976 ያስጀመረው የተሽከርካሪ ወንበር ቴኒስ ሜዳውንም፣ መረቡንም፣ ኳሱንም አልነካም። የተለየው ሕግ አንድ ነው፦ በወንበር የሚጫወተው ሰው ኳሷ ሁለት ጊዜ እስክትነጥር መጠበቅ ይችላል። በዚህም ምክንያት በእግሩ የሚሮጥና በወንበር ያለ ሰው እርስ በርስ መጫወት ይችላሉ፤ አንዱ በአንድ ንጥረት፣ ሌላው በሁለት። ጨዋታው በ1992 በባርሴሎና ሙሉ የፓራሊምፒክ ውድድር ሆኗል። በጃፓን ደግሞ ዓይነ ስውሩ ሚዮሺ ታኬይ በ1984 ድምፅ የምታሰማ የስፖንጅ ኳስ ይዞ መጣ። ጦርነት ብዙዎችን አካል ጉዳተኛ ባደረገባት ካርቱም ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አጥር የሚሆነው ገንዘብ ብቻ አይደለም። የሱዳን የመጀመሪያው የሴቶች እግር ኳስ ሊግ በካርቱም የተጀመረው በመስከረም 2019 ነው። የሴቶችን አለባበስና እንቅስቃሴ ይቆጣጠር የነበረው የሕዝባዊ ሥርዓት ሕግ የተሻረው ከዚያ ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ነበር። ሕጉ ከተነሣም በኋላ ሰዓት ይቀራል። በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍባት ከተማ ቴኒስ የሚቻለው በማለዳና ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። ማለዳ ደግሞ የቀን ሠራተኛውም፣ በሰው ቤት የምትሠራውም፣ ሻይ የምትሸጠውም ወደ ሥራ የሚወጡበት ሰዓት ነው። ስለዚህ የምሽት መብራት ያለው ክለብና የሌለው ክለብ የሚያገለግሉት ሕዝብ አንድ አይደለም። በር ላይ "ለሁሉም ክፍት" ብሎ ከመጻፍ ይልቅ የዓርብ ዕረፍትን ያገናዘበ የሰዓት ሰሌዳ ብዙ ሰው ያስገባል።

የቅርብ ምሳሌ ለሚፈልግ አዲስ አበባ አለች። በታሪኩና ደስታ ወንድማማቾች ስም የሚጠራው ድርጅት የዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ልጆችን የቴኒስ ሥልጠናና የትምህርት ድጋፍ አጣምሮ ይሰጣል። ራኬቱ ልጁን ወደ ሜዳ ይስበዋል፤ ትምህርቱ ደግሞ ወላጅን ያሳምናል። በነገራችን ላይ፣ ጀማሪ ከአዲስ አበባ ይልቅ በካርቱም ይቀለዋል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ስስ አየር ኳስ ፈጥና ትርቃለች፤ ፌዴሬሽኑም ከ1,219 ሜትር በላይ ለሆኑ ቦታዎች የተለየ ኳስ ያዘጋጀው ለዚሁ ነው። ካርቱም ከ400 ሜትር አታልፍም።

ከናይሮቢ ተነሥታ በ2022 በዊምብልደን የታዳጊ ሴቶች ጥንድ ዋንጫ ያነሣችው ኬንያዊቷ አንጄላ ኦኩቶዪም ብዙ ጊዜ በአርአያነት ትጠቀሳለች። ይሁንና የሰፈር ክለብ በሻምፒዮን ብዛት ከተለካ ያው የጥቂቶች ቤት ሆኖ ይቀራል።

በሚያዝያ 2023 የተቀሰቀሰው ጦርነት ይህን ሁሉ ወደ ኋላ ገፍቶታል። ከካርቱም የሸሹ በርካታ ሐበሾች በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገብተዋል። የሱዳን ጦር በመጋቢት 2025 ከተማዋን መቆጣጠሩን ካስታወቀ ወዲህ የሚመለሱ ነዋሪዎች አሉ። ለእነርሱ የሚቀድመው ውሃ፣ መብራትና ትምህርት ቤት ነው።

የሆነ ሆኖ ቴኒስ ሲጀመር የግድ በሜዳ መጀመር የለበትም። መስኮት የሌለው የትምህርት ቤት ግድግዳ፣ በኖራ የተሰመረ የመረብ ቁመት፣ በሁለት ወንበሮች መካከል የተወጠረ ገመድና ጥቂት የስፖንጅ ኳሶች ለመጀመሪያዎቹ ወራት ይበቃሉ። የስፖንጅ ኳስ በውስጧ የታመቀ አየር ስለሌላት እንደ ተለመደችው ቶሎ አትሞትም፤ የጎረቤት መስኮትም አትሰብርም።