ከፊደል በፊት ጣት

ዓይናማ ሕፃን አንዲት ሆሄ ሳይቆጥር ጽሑፍ የሚባል ነገር መኖሩን ያውቃል። የታክሲው ታፔላ፣ የሱቁ ማስታወቂያ፣ የብስኩቱ መጠቅለያ፣ የታላቅ እህቱ ደብተር በየቀኑ ዓይኑ ሥር ናቸው። ዓይነ ስውር ሆኖ ለተወለደ ልጅ ግን በጣት የሚነበበው የነጥብ ጽሑፍ፣ ብሬል፣ በየመንገዱ አይገኝም። ሆን ብሎ እጁ ላይ የሚያኖርለት ሰው ካላገኘ፣ ማንበብ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ለትምህርት ዕድሜ ይደርሳል። እንደ እኔ እምነት በዓይነ ስውራን ልጆች ትምህርት ትልቁ ጉድለት ያለው እዚህ ነው፤ ክፍል ከመገባቱ በፊት በሚያልፉት ዓመታት።

ብሬል ራሱ የልጅ ሥራ ነው። ሉዊ ብሬል እ.ኤ.አ. በ1809 ከፓሪስ ብዙም በማትርቅ መንደር ተወለደ። በሦስት ዓመቱ በአባቱ የቆዳ ሥራ ቤት ዓይኑን ወጋው፤ ቁስሉ ወደ ሌላኛው ዓይን ተዛምቶ ሁለቱም ጠፉ። በኋላ በፓሪስ ትምህርት ቤቱ ያገኘው የሻርል ባርቢዬ ባለ 12 ነጥብ አጻጻፍ ከጣት ጫፍ የሚሰፋ በመሆኑ ለንባብ ያስቸግር ነበር። ብሬል ወደ 6 ነጥብ ሲያወርደው ዕድሜው ገና 15 ነበር፤ በ1829 ታትሞ ወጣ።

ስድስት ነጥቦች 63 የተለያዩ ምልክቶች ይሰጣሉ። የአማርኛ ፊደል ግን ከነእርባታው ከ230 ያልፋል፤ ስለዚህ በአማርኛ ብሬል ተነባቢውና አናባቢው በየራሳቸው ምልክት ይጻፋሉ። ብሬል የሚማር ልጅ ዓይናማው እንደ አንድ የሚያየውን ሆሄ በድምፅ መነጠል አለበት ማለት ነው። በዜማና በጨዋታ ድምፅ መለየት የለመደ ሕፃን ይህን ሲደርስበት ብዙም አይቸገርም።

ከወረቀቱ በፊት የሚመጣው ጣት ነው። ነጥብ ለማንበብ የጣት ጫፍ ስሜት፣ ሁለት እጅን ማቀናጀትና ከግራ ወደ ቀኝ በመስመር መሄድ ያስፈልጋል። ለዚህ ከቤታችን ወጥ ቤት የተሻለ መለማመጃ ለማግኘት ያስቸግራል፦ ምስር ከሽምብራ መለየት፣ ባቄላ መፈልፈል፣ ሊጥ ማቡካት፣ ቁልፍ መቆለፍና መፍታት። የሚያሳዝነው ብዙ ወላጅ ከፍቅር የተነሣ «ይቃጠላል፣ ይወድቃል» እያለ ልጁን ከእነዚህ ሥራዎች ማራቁ ነው። ያልነካውን ነገር ስሙን ቢሰማም ምንነቱን አያውቀውም። ተረት ሲነገረው በተረቱ ያሉትን ዕቃዎች፣ ማንኪያውን፣ ገመዱን፣ ላባውን፣ ከአንድ ከረጢት እያወጣ እንዲዳስስ ማድረግ ተረቱን በእጁ ያስጨብጠዋል። ስድስት ጎድጓዳ ያለው የእንቁላል ካርቶንና ጥቂት ኳሶች ደግሞ የነጥቦቹን አቀማመጥ ለማስተማር ይበቃሉ። በብራዚል በዶሪና ኖዊል ተቋም የተጀመረውና የሌጎ ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2020 ለትምህርት ቤቶች ማቅረብ የጀመረው ባለ ብሬል መገጣጠሚያ መጫወቻም በዚሁ ሐሳብ የተሠራ ነው።

ስለ መጻፊያ መሣሪያ ረዘም አድርጎ መነጋገር ያስፈልጋል። በእኛ አገር የተለመደው ስሌትና ስታይለስ፣ ማለትም ባለ ቀዳዳ ሰሌዳና መውጊያ፣ ነው። ርካሽ ነው፣ ኪስ ውስጥ ይገባል፣ መብራት አይፈልግም። ነገር ግን ነጥቡ ከወረቀቱ ጀርባ ስለሚወጋ ልጁ ከቀኝ ወደ ግራ ይጽፋል፤ ለማንበብ ወረቀቱን አውጥቶ መገልበጥ አለበት። ገና ምልክቶቹን ለሚለይ የአምስት ዓመት ልጅ ይህ ድርብ ሸክም ነው። እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ የሚመረተው የፐርኪንስ ማሽን ለስድስቱ ነጥቦች ስድስት ቁልፎች አሉት፤ ነጥቡ ወደ ላይ ስለሚወጣ ልጁ የጻፈውን ወዲያው ይዳስሰዋል። ዋጋው ውድ፣ ክብደቱም 5 ኪሎ ገደማ ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ መግዛት ባይቻል እንኳ ለጀማሪዎች ክፍል አንድ የጋራ ማሽን ማስቀመጥ፣ ስሌቱን እጃቸው ከጠነከረ በኋላ ማስከተል ይመረጣል።

ስልክና ኮምፒውተርስ? በአንድሮይድ ስልኮች ላይ የሚገኘው ቶክባክ በስክሪኑ ያለውን በድምፅ ያነባል፤ በአውስትራሊያ የተጀመረው ኤንቪዲኤ ለዊንዶውስ ኮምፒውተር በነፃ ይገኛል። ትልቅ በረከት ናቸው፤ ልጆች በጊዜ ቢለምዷቸው ደስ ይለኛል። «ስልክ ካነበበለት ብሬል ምን ያደርግለታል» የሚለውን ግን አልቀበልም። ያዳመጠ ልጅ ታሪኩን ያውቃል፤ ቃሉ እንዴት እንደሚጻፍ፣ ነጥብና ሰረዙ የት እንደሚያርፍ፣ የሒሳቡ ስሌት እንዴት እንደተደረደረ በጣቱ ካልዳሰሰ አይቀረጽበትም። ፒኖቹ እየተነሡና እየተኙ የስክሪኑን ጽሑፍ ወደ ብሬል የሚቀይሩት መሣሪያዎችም ዋጋቸው ገና የሚከብድ ቢሆንም የሚጠቅሙት ብሬል ለሚያነብ ሰው ብቻ ነው።

ጭላንጭል እይታ ያላቸው ልጆች ነገር ይለያል። ትልቅ ጽሑፍ፣ አጉሊ መነጽር፣ ደማቅ ጥቁር መስመርና ጥሩ ብርሃን ሊበቃቸው ይችላል፤ እይታቸው እየቀነሰ ለሚሄደው ግን ብሬሉን ከአሁኑ ጎን ለጎን ማስጀመር ይበጃል።

በሕግ በኩል ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010፣ መጻሕፍትን ወደ ብሬል ለመገልበጥ የቅጂ መብት እንቅፋት እንዳይሆን የሚያደርገውን የማራኬሽ ስምምነት በ2020 አጽድቃለች። እንደ ሰበታና ሻሸመኔ ያሉ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቶች ብዙ ሰው አፍርተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ያገኘችው የሕግ ባለሙያዋ የትነበርሽ ንጉሤ ከሻሸመኔው ናት። ሆኖም ከቤቱ ርቆ አዳሪ የሚገባ ልጅ ብሬልን የሚያገኘው እዚያ ከደረሰ በኋላ ነው፤ እናትና አባቱም የጻፈላቸውን ደብዳቤ ማንበብ አይችሉም። ለዓይናማ ወላጅ ብሬልን በዓይን አይቶ መለየት በጣት ከማንበብ በጣም ይቀላል። ትምህርት ቤቶቹ ልጁን ሲመዘግቡ ለወላጆቹም የጥቂት ቀናት ሥልጠና ቢሰጡ፣ በጽዋውና በአልጋው ላይ ስሙን በብሬል የሚለጥፉለት እነርሱ ይሆናሉ።